አልጌና ተክል በአንድ መስታወት ውስጥ

ሮበርት ዋሪንግተን በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት ነበር። በ1849 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃምሳ ሊትር ያህል ውሃ በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አሸዋና ጠጠር አነጠፈ፤ ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ረዥምና ቀጭን ቅጠል ያለው የውሃ ተክል ተከለበት፤ ከዚያም ሁለት ወርቃማ ዓሦች ለቀቀበት። ማረጋገጥ የፈለገው ዓሣው የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ እየወሰደ፣ ተክሉ የሚሰጠውን ኦክስጅን ዓሣው እየተነፈሰ ውሃውን ሳይቀይሩ ሁለቱን አብሮ ማኖር እንደሚቻል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ያረጁት ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ መስታወቱም በአረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ተሸፈነ። ዋሪንግተን ይህን ጊዜ አምስት ስድስት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውንም ዝልግልጉንም እየበሉ ዕቃውን አጸዱት፤ እንቁላላቸውና ትንንሾቹ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ በተራቸው የዓሦቹ ምግብ ሆኑ። ያየውን ሁሉ ጽፎ በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ።

የለንደን መካነ እንስሳት ለሕዝብ የዓሣ ቤት የከፈተው ከዚያ በኋላ በ1853 ነው። እንግዲህ አልጌ የገንዳ ባለቤቶችን ማስቸገር የጀመረው ብዙው ሰው በመስታወት ውስጥ የሚኖር ዓሣ ገና ሳያይ ነው። ዛሬም አኳሪየም የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዓሣው ነው፤ ወር ሲሞላው ግን ጥያቄው ሁሉ ስለ አልጌ ይሆናል። በርካቶች በዚሁ ተሰላችተው ገንዳውን ባዶ ያደርጉና ዕቃ ቤት ይከቱታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አልጌ ለሚያየው ሰው ምክንያቱን ደብቆ አይመጣም። ሰዎች ወደ ዓሣ መሸጫ ሄደው «አልጌውን በምን ልግደለው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ተክሉ ለምን አላደገም?» የሚለው ነው እላለሁ። የሚከተለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

አልጌ የአንድ ፍጡር ስም አይደለም። ሥርና ግንድ፣ አበባም የሌላቸው፣ በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ብዙ ዓይነት ሕያዋን በዚህ ስም ይጠራሉ። ዘራቸው ከአዲስ ተክል ቅጠል ጋር፣ ዓሣው ከመጣበት ፌስታል ውሃ ጋር፣ ከአየርም ጭምር ይገባል። ስለዚህ አልጌ ያልገባበት ገንዳ የለም፤ ያላደገበት ገንዳ ግን ብዙ ነው።

አዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይለብሳል። ይህ ዳያተም ነው፤ ሕዋሱ በሲሊካ ዛጎል የተሸፈነ ሲሆን በጣት ሲነካ ወዲያው ይጠረጋል። ገንዳው ሲበስል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋልና ሊያስጨንቅ አይገባም። መስታወቱ ላይ ክብ ክብ እየሆነ የሚጣበቀው አረንጓዴ ነጥብ ደግሞ በስፖንጅ አይለቅም፤ በምላጭ ነው የሚፋቀው። ብዙ ጊዜ የሚበረታው በውሃው ውስጥ ፎስፌት ሲያንስ ነው። ክር ክር የሚሉት አረንጓዴዎች በጥርስ ብሩሽ ተጠምዝዘው ይወጣሉ። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ዓሣው ከመስታወቱ ማዶ የማይታይበት ጊዜም አለ፤ እሱ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ውሃ ቢቀይሩለት ተመልሶ ይመጣል፤ ውሃውን በአልትራቫዮሌት መብራት ውስጥ የሚያሳልፍ ዕቃ ግን በቀናት ውስጥ ያጠራዋል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥቁሩን ነው። ቀስ ብለው በሚያድጉ ቅጠሎች ጠርዝ ላይ፣ በተለይ አኑቢያስ በሚባለው ወፍራም ቅጠል ባለው ተክል ላይ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር የማይሞላ ጥቁር ጸጉር ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል። በሁለት ጣት ይዘው ቢጎትቱት ቅጠሉ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይለቅም። ጥቁር ይምሰል እንጂ ዘሩ ከቀይ አልጌዎች ነው፤ ቆንጥረው አልኮል ውስጥ ቢነክሩት አረንጓዴው ቀለም ይለቅና ቀዩ ብቅ ይላል። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ደግሞ አሸዋውንና ተክሉን እንደ ንጣፍ ሸፍኖ የሚይዘው፣ ሲነሣ ተጠቅልሎ የሚነሣው፣ የሚሸተው ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር ነው። እሱ ሳይኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒቱም ከሌሎቹ ይለያል።

የሳይኖባክቴሪያ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከቢሾፍቱ አልፎ መሄድ አያስፈልግም። በዚያ አካባቢ ካሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አንዱ የሆነው አረንጓዴ ሐይቅ ውሃው ሶዳማ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ስፒሩሊና በሚል ስም የሚታወቀው ሳይኖባክቴሪያ ነው። ታሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ የሐይቅ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሕይወት በፎቶሲንተሲስ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ጣሪያ ለማወቅ ሲፈልጉ፣ የለኩት የኢትዮጵያን ሶዳማ ሐይቆች ነው፤ አረንጓዴ ሐይቅ አንዱ ነበር። በዚያ ውሃ ውስጥ ካርቦን ሞልቷል፤ ፀሐይ አለ፤ ማዳበሪያም አለ። ከሥር የሚሻማ ተክል ግን የለም፤ ብርሃኑን ከላይኛው ስስ ሽፋን በታች የሚያሳልፍለት የለምና። በቤት ገንዳ ውስጥ አልጌ የሚመኘው ይህንኑ ነው፦ ብርሃንና ምግብ፣ ያለ ተቀናቃኝ።

ተቀናቃኙ ተክል በውሃ ውስጥ የሚቸገርበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ካርቦን ነው። ደርቆ ቢመዘን የተክል አካል ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ካርቦን ነው። የየብስ ተክል ይህን ከነፋሱ ይወስዳል። ውሃ ውስጥ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው የሚጓዘው፤ በየቅጠሉ ዙሪያም የማይነቃነቅ ስስ የውሃ ሽፋን አለ። ቅጠሉ በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለውን ካርቦን በፍጥነት ይጨርስና መብራቱ እየበራበት ባዶ እጁን ይቀመጣል። አልጌ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ የሚያስፈልገውም ጥቂት በመሆኑ፣ ይህ እጥረት እምብዛም አይሰማውም። እንግዲህ ተክሉ ካርቦን ሳያገኝ ብርሃን የሚጨምር ሰው የሚጨምረው ለአልጌው ነው። ብዙ ሰው ተክሉ አልለማ ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ የበለጠ ብርቱ መብራት መግዛት ነው።

ስለ ማዳበሪያ ያለው ክርክር ረጅም ነው፤ ዛሬም ድረስ ሰውን የሚያደናግር ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። በ1973 ዴቪድ ሺንድለር የተባለው የሐይቅ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ሐይቅ 226 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ሐይቅ በፕላስቲክ መጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ ፎስፈረስ የጨመሩት ግን በአንዱ በኩል ብቻ ነው። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሣው ፎቶግራፍ ያለ ምንም ማብራሪያ ነገሩን ይናገራል። በሳሙናና በፍሳሽ የሚመጣው ፎስፈረስ ሐይቆችን እንዴት እንደሚያበላሽ ዓለም የተማረው ከዚህ ነው።

የአኳሪየም ሰዎችም ከዚህ ተነሥተው ፎስፌትን ዋና ጠላት አደረጉት። በ1996 ፖል ሲርስና ኬቪን ኮንሊን የተባሉ ሁለት የተክል ገንዳ ወዳጆች በተክል ገንዳ ውስጥ አልጌን ስለ መቆጣጠር አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳባቸው ከዚያ በፊት ከነበረው «አትመግቡ» ከሚለው የተሻለ ነበር። ለተክሉ ናይትሬት፣ ፖታሲየም፣ ብረትና ሌሎች በጥቂቱ የሚፈለጉ ማዕድናት በደንብ ስጡት፤ ፎስፌት ብቻ አትጨምሩ። ተክሉ ሌላው ሁሉ ተሟልቶለት ስለሚያድግ በውሃው ውስጥ ያለችውን ፎስፌት ሁሉ አሟጦ ይወስዳል፤ ለአልጌው አይተርፍም። ከኬሚካል መሸጫ በሚገዛ ርካሽ ጨው በቤት የሚበጠበጠው የማዳበሪያ ጠብታ የተስፋፋው ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተጠቀመበት፤ ብዙ ገንዳም ጸዳ።

ከዚያ በኋላ ቶም ባር የተባለ አሜሪካዊ በተክል በተሞሉ ገንዳዎች ላይ ፎስፌትና ናይትሬት ሆን ብሎ መጨመር ጀመረ። እንደ ንድፈ ሐሳቡ ከሆነ አልጌ መፈንዳት ነበረበት፤ አልፈነዳም። ተክሎቹ ይበልጥ ለመለሙ፤ በመስታወቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ እንዲያውም ቀነሰ። ባር ከዚህ ተነሥቶ ያስፋፋው ዘዴ ቀላል ነው፦ ሳምንቱን ሙሉ ማዳበሪያውን ከበቂ በላይ መስጠት፣ በሳምንቱ መጨረሻ የገንዳውን ውሃ ግማሹን መቀየር። ናይትሬት በሊትር ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ባለው መካከል ከዋዠቀ በየቀኑ መለካት አያስፈልግም፤ የውሃው ቅየራ የተጠራቀመውን ይዞት ይወጣል።

ታዲያ ሐይቁ ትክክል ነው ወይስ ገንዳው? ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሐይቅ 226 ላይ የተለካው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አልጌ ነው፤ ብርሃኑን ቀድሞ የሚቀማው የተክል ደን በዚያ አልነበረም። ሆላንዳዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ማርተን ሼፈር በ1990ዎቹ ጥልቀት የሌላቸውን ሐይቆች ሲያጠና ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። እንዲህ ያለ ሐይቅ በተመሳሳይ የማዳበሪያ መጠን ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል፦ ተክል የሞላበትና የጠራ፣ ወይም አልጌ የሞላበትና የደፈረሰ። የትኛውም መልክ አንዴ ከያዘ ራሱን ያጸናል። ተክሉ ውሃውን ያረጋጋል፤ ደለሉን ይይዛል፤ አልጌ ለሚበሉት ጥቃቅን እንስሳት መጠለያ ይሆናል። አልጌው ካየለ ደግሞ ብርሃኑን ጋርዶ ተክሉ እንዳይነሣ ያደርገዋል። ማሳ ላይ ቀድሞ የጸደቀ ሰብል አረሙን እንደሚውጠው ማለት ነው። የተክል ገንዳ ባለቤት ሥራ እንግዲህ ውሃውን ማስራብ ሳይሆን ገንዳው መጀመሪያ የትኛውን መልክ እንደሚይዝ መወሰን ነው።

ይህ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ የሚወስነውም በአብዛኛው አሞኒያ ነው። የዓሣ ኩስ፣ የተረፈ ምግብ፣ የሚበሰብስ ቅጠል አሞኒያ ይሆናሉ። በበሰለ ገንዳ ውስጥ ፊልተሩና አሸዋው ውስጥ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎቹ ገና አልበዙም፤ ለመደራጀት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ናይትሬት ሲጨመር ዝም የሚለው አልጌ ለአሞኒያ ግን ወዲያው እንደሚነሣ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቀንበጥ ተክሎ «ቀስ እያለ ይሞላል» ብሎ መጠበቅ ትልቁ ስሕተት ነው። ገንዳው ውሃ የሞላበት ቀን የወለሉ ሦስት አራተኛ በተክል መሸፈን አለበት፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ፈጥነው የሚያድጉ፣ ሃይግሮፊላን፣ ቫሊስኔሪያንና ሥር የሌለውን ሴራቶፊለምን የመሰሉ መሆን አለባቸው። ውድና የሚያምሩት ቀስ ብለው የሚያድጉ ተክሎች በኋላ ይደርሳሉ። ዓሣም ቢሆን በጥቂቱ፣ ዘግይቶ ይግባ፤ ምግቡም በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ያህል ይሁን።

መብራትን በተመለከተ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፦ ከሚመስለን ያነሰ ይበቃል። ለአዲስ ገንዳ በቀን ስድስት ሰዓት፣ ተክሉ ሲይዝ እስከ ስምንት ሰዓት። በእጅ ማብራትና ማጥፋት አይታመንም፤ በርካሽ የሚገዛ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሶኬት ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ገንዳን በመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ቀን አለን፤ ከፍታችን 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑም ፀሐዩ ብርቱ ነው። በጥዋት የሚገባ የሁለት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ከላይ ያለው መብራት ጠፍቶም ቢሆን መስታወቱን አረንጓዴ ለማድረግ ይበቃል። መስኮቱን በመጋረጃ መሸፈን ወይም ገንዳውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ማዞር ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

ካርቦንን በሁለት መንገድ ማሟላት ይቻላል። አንዱ ጋዙን መስጠት ነው። ርካሹ ዘዴ ስኳር፣ ለብ ያለ ውሃና የዳቦ እርሾ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ከክዳኑ በሚወጣ ቀጭን ቱቦ ጋዙን ወደ ገንዳው ማስገባት ነው። ይሠራል፤ ግን እርሾው መጀመሪያ ላይ በርትቶ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይደክማል። ጥቁሩ ጸጉር ደግሞ የሚወደው እንዲህ ያለውን ከፍ ዝቅ የሚል ካርቦን ነው። ስለዚህ ይህን ዘዴ ለትንሽ ገንዳ ብቻ፣ ሁለት ጠርሙስ በተራ እየቀየሩ፣ እመክራለሁ። ሲሊንደርና መቆጣጠሪያ ያለው ሰው ጋዙን መብራቱ ከሚበራበት አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ይከፍታል፤ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይዘጋል። መጠኑን የሚያሳየው ገንዳው ውስጥ የሚለጠፍ ትንሽ ብርጭቆ ነው፤ በውስጡ የታወቀ የካርቦኔት ጥንካሬ ያለው ውሃና ብሮሞታይሞል ብሉ የሚባል ቀለም ይገባበታል። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፤ ቢጫ ከሆነ ዓሣው አደጋ ላይ ነው፤ ጥርት ያለ አረንጓዴ ሲሆን በሊትር 30 ሚሊግራም ገደማ ደርሷል ማለት ነው። ጋዝ የማይሰጠው ውሃ ከአየር ጋር ተመጣጥኖ የሚይዘው ከአንድ ሚሊግራም በታች ነውና ልዩነቱ ግዙፍ ነው። መብራቱ በርቶ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ከቅጠሎቹ ጠርዝ ጥቃቅን የኦክስጅን አረፋ ተራ በተራ ሲወጣ ይታያል፤ ውሃው ኦክስጅን ጠግቦ ተጨማሪውን መሸከም ሲያቅተው ነው። አልጌ ለሚፈራ ሰው ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ምልክት አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። 30 ሚሊግራም የሚለው ቁጥር የተለመደው በባሕር ወለል አቅራቢያ ባሉ አገሮች ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ዓሣው ቀድሞውንም በጥቂት ኦክስጅን የሚኖር በመሆኑ ጋዙን ከዝቅተኛ መጠን ጀምሮ በቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ማሳደግ፣ ሌሊት ደግሞ የውሃውን ገጽ በፊልተሩ ማንቀሳቀስ ይገባል። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከከፈተ የብርጭቆውን ቀለም መመልከት አያስፈልግም፤ ወዲያው ጋዙ ይዘጋል።

ሁለተኛው መንገድ ጋዙን ትቶ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ነው። አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ በ1999 ስለ ተክል ገንዳ ሥነ ምህዳር ባሳተመችው መጽሐፍ ያስተማረችው ይህንኑ ነው፦ ከጠጠሩ ሥር ስስ የአፈር ንጣፍ፣ ብዙ ተክል፣ ጥቂት ዓሣ፣ መጠነኛ ብርሃን። አፈሩ ሲበሰብስ ካርቦን ይሰጣል፤ የዓሣው ምግብ ማዳበሪያ ይሆናል። ለአብዛኛው የከተማ ቤት ይህ መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መብራት ሲጠፋ ብዙ የሚጎድለው ነገር የለም፤ ሲሊንደር ማስሞላትም የለበትም።

በውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፉ ተክሎች ለዚህ ገንዳ ትልቅ ረዳት ናቸው። ቅጠላቸው አየር ላይ ስለሆነ ካርቦን አይቸግራቸውም፤ ሥራቸው ግን ውሃ ውስጥ ስለሆነ አሞኒያና ናይትሬቱን በፍጥነት ይጠጣሉ፤ ብርሃኑንም ይጋርዳሉ። ጣና ላይ ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ የዚህ ጉልበት ማሳያ ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው አምሮ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ሲሉ ስለወሰዱት ነው። ስለዚህ እሱን ወደ ቤት ማምጣት አይገባም፤ ትንሿን ሌምናን ወይም ሳልቪኒያን የሚያሳድግም ሰው ትርፉን ፀሐይ ላይ አድርቆ ይጣል እንጂ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይልቀቅ።

ዋሪንግተን የጀመረውን የእንስሳ ረዳት ጉዳይ ወደ አዲስ ደረጃ ያደረሰው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው። በ1954 በኒጋታ የተወለደው አማኖ ቀድሞ የቢስክሌት ተወዳዳሪ፣ ኋላም የተፈጥሮ ፎቶ አንሺ ነበር፤ በ1982 የተክል ገንዳ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት መሠረተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ትንሽ ግልጽ ሽሪምፕ አልጌ በላተኛ አድርጎ ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ሽሪምፑ በጥቃቅን እጆቹ ክሩን አልጌ እየለቀመ ወደ አፉ ሲያስገባ ቀኑን ሙሉ አያርፍም። እጮቹ ጨዋማ ውሃ ስለሚፈልጉ በገንዳ ውስጥ አይራባም። አማኖ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት በ2015 በሊዝበን አኳሪየም የሠራው የተክል ገንዳ 40 ሜትር ርዝመት አለው፤ 160,000 ሊትር ውሃ ይይዛል።

ከዓሦች ውስጥ ኦቶሲንክለስ የሚባለው የአራት ሴንቲሜትር የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ለቡናማው ዳያተም ወደር የለውም። አፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሲንቀሳቀስ ከማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከንፈሩ ሲፍቅና ከኋላው ንጹሕ መስመር ሲተው ይታያል። ጥቁሩን ጸጉር ከሚበሉት ጥቂት ዓሦች አንዱ የደቡብ ምሥራቅ እስያው የሲያም አልጌ በላተኛ ነው፤ ሲያድግ ግን የዓሣ ምግቡን እየመረጠ ሥራውን ይተዋል። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ዓሣ በእኛም ወንዞች አለ፦ ጋራ በሚባለው ወገን ያሉት ዓሦች ከአገጫቸው ሥር ባለው ክብ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው አልጌውን ይፍቃሉ። ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ በ2007 አምስት አዳዲስ የኢትዮጵያ ጋራዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል፤ አንዱ በጣና ስም ተጠርቷል። ነገር ግን የትኛውም በላተኛ የበላውን ያወጣል፤ ያወጣውም አሞኒያ ይሆናል። ተክሉ በማያድግበት ገንዳ ውስጥ አልጌ በላተኛ መጨመር ችግሩን ማዞር ብቻ ነው።

አልጌው ቀድሞ ከያዘ መጀመሪያ የሚሠራው የእጅ ሥራ ነው። የሚወጣው ይውጣ፤ የተበላሸ ቅጠል ይቆረጥ፤ መስታወቱ ይፋቅ፤ በጎማ የወለሉ ቆሻሻ እየተሳበ ግማሹ ውሃ ይቀየር። የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ በክፍት በርሜል አንድ ቀን ያደረ ወይም በክሎሪን ማጥፊያ የታከመ ይሁን፤ ክሎሪን የፊልተሩን ባክቴሪያ ይገድላልና። በሮቶ ብዙ ቀን የቆየ ውሃም ሮቶው ራሱ አልጌ ይዞ እንዳይሆን ይታይ። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ዝግ የሆነውን ፊልተር እንዲሁ አያስነሡ፤ በውስጡ የታፈነው ውሃ ተበላሽቷልና ይደፋ፤ ስፖንጁም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይለቅለቅ።

ለጥቁሩ ጸጉር ሦስት በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ፣ የውሃውን ደረጃ ዝቅ አድርጎ በተጋለጠው ቅጠል ላይ በመርፌ ማንጠባጠብና ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ ውሃውን መመለስ ይቻላል። ከተሳካ በቀናት ውስጥ ወደ ሮዝ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይለወጣል፤ ሽሪምፖቹም ያን ጊዜ ይበሉታል። ለሳይኖባክቴሪያው ንጣፉን በጎማ ስቦ ገንዳውን ለሦስት ቀን በብርድ ልብስ ሙሉ በሙሉ መሸፈን፣ የአየር ፓምፕ ማስገባት፣ ሲገለጥም ግማሹን ውሃ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንዳንዶች ኤሪትሮማይሲን ይጨምሩበታል፤ እኔ አልደግፈውም። የሰው መድኃኒት የሆነ አንቲባዮቲክ ለመስታወት ጽዳት ማባከን ባክቴሪያዎችን መድኃኒቱን ከማለማመድ በቀር ሌላ ነገር የለውም። መዳብ ያለባቸው የአልጌ ማጥፊያዎች ደግሞ አልጌውን ይገድላሉ፤ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውንም አብረው ይፈጃሉ። በየትኛውም መንገድ በአንድ ጊዜ ብዙ አልጌ ከሞተ በስብሶ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ አሞኒያም ይሆናል፤ ስለዚህ የሞተው ወዲያው ይወጣል።

አልጌ የያዘው አሮጌ ቅጠል ተመልሶ አይጠራም፤ በእሱ መፍረድ ዋጋ የለውም። የሚታየው ከጫፍ የሚወጣው አዲሱ ነው። መብራቱ ከቀነሰ፣ ካርቦኑ ከተረጋጋ፣ ማዳበሪያውም ከተሟላ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ የሚወጡት ቅጠሎች ንጹሕ ከሆኑ ተክሉ ገንዳውን እየወሰደ ነው፤ ያን ጊዜ የታችኞቹን አሮጌዎች በመቀስ እያወጡ ከላይ የተቆረጠውን ጤነኛ ቀንበጥ መልሶ አሸዋው ውስጥ መትከል ነው።